ለቁም ሰው የተነፋ ጥሩምባ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ሰንብተሻል? ጉና ላይ ውርጩ ዘንድሮ በርትቶ ነበር ሲሉ ሰማሁ፤ ድንቹን አልመታውም? በጎቹስ ደህና ናቸው? ልጅሽ ሕይወት በሥራ ብዛት ከትምህርቷ እንዳትቀር አደራ። እኛ እዚህ ደብረ ታቦር ደህና ነን። ባለቤቴ ጽጌ ደህና ናት። እኔም ከናፍቆትሽና ከገዛ ጠባዬ በቀር ሌላ ሕመም የለብኝም። እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን «ይመስገን» ድሮ በልማድ ነበር የምጽፈው፤ ዛሬ ግን አስቤበት ነው የጻፍሁት።

ጎረቤትሽ ወርቁ ለገበያ መጥቶ መልእክትሽን አድርሶልኛል። እህል እስኪገባ ተብሎ የቆየው የልጅሽ የመልካሙ ተዝካር ከዳግም ትንሣኤ በኋላ እንዲሆን ከካህናቱ ጋር መቁረጥሽን፣ ለጠላው ብቅል የሚሆን ገብስ መለየትሽን፣ እኔም አጎት ነኝና ቀደም ብዬ መጥቼ ዳሱን እንዳስጥል ማዘዝሽን ነገረኝ።

እታለም፣ አልመጣም። አንቺም አትደግሺ። ገብሱን ውኃ እንዳታስነኪው።

ይህን ስታነብልሽ ሕይወት ቀና ብላ እንደምታይሽ፣ አንቺም «ወንድሜ ለየለት» እንደምትዪ አውቃለሁ። ለእህቱ ልጅ ተዝካር አልመጣም ያለ አጎት በአገራችን ታይቶ አይታወቅም። ግን ልጠይቅሽ። ሬሳውን ማን አየ? በነሐሴ አብሮት ወደ ቆላ ለወርቅ ቁፋሮ የወረደው ጓደኛው መጣና ጉድጓዱ ተናደ፣ ከወጡት መካከል መልካሙን አላየሁትም አለ። ያለው «አላየሁትም» ነው። «ሞተ» ያልነው እኛ ነን። ከዚያ ጥቁር ለበስሽ፣ ጸጉርሽን ተላጨሽ፤ እኔም ከሰው እኩል ደረቴን መታሁ። ያየ ሰው ሳይኖር አገር ሁሉ አለቀሰ። እንዲህ ያለ ሥራ በእኔ መሥሪያ ቤት ቢመጣ ወረቀቱን ወርውሬ እመልሰው ነበር።

ለምን በስልክ አልነገረኝም ትዪ ይሆናል። ስልክሽ የሚሰማው ከቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ላይ ሲወጡ ብቻ ነው፤ እዚያ ደግሞ መንደሩ ሁሉ ጆሮውን ቀስሮ ይቆማል። ደግሞም በስልክ ትጠይቂኛለሽ፤ እኔ ውሸት አይሆንልኝም። ደብዳቤ ግን መልስ አይጠየቅም። ስለዚህ ሕይወት ብቻዋን ታንብብልሽ፤ ድምፅዋንም ዝቅ አድርጋ።

አሁን ምስጋናዬን ላስቀድም። በኅዳር የላክሻቸው የሱፍ ባናዎች ደርሰውናል። «ለልጄ ነፍስ ይሁን፤ በረንዳ የሚያድሩትን አልብስልኝ» ብለሽ ነበር የላክሽው። ሐዘን ላይ ተቀምጣ፣ ራሷ የፈተለችውን ሱፍ ለማታውቀው የሰው ልጅ ብርድ የምትልክ እናት ስንት አለች? ስቀበል ምንም አላልሁሽም። አሁን እላለሁ፦ እግዚአብሔር ይስጥሽ። የዋልሽውን ውለታ አንቺ ራስሽ ገና አታውቂውም።

እነዚህን ልጆች በግቢዬ ማሳደር እንዴት እንደተጀመረ ወርቁ በጨረፍታ ብቻ ነው የነገረሽ፤ እኔ ከሥሩ ልንገርሽ። በጥቅምት መናኸሪያው አጠገብ ባሉት ሱቆች በረንዳ ላይ የሚያድሩት በዝተው ነበር። ሕፃናት አይደሉም፤ ጢም ያበቀሉ ወጣቶች ናቸው። አንዱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወድቆ፣ አንዱ ሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ወባ ተሸክሞ፣ አንዱ ከእንጀራ አባቱ ተጣልቶ፣ ሁሉም ባዶ እጃቸውን ቤታቸው መግባት አፍረው የቀሩ። ሰው «ዱርዬ» ይላቸዋል። ጠዋት ባለ ሱቁ መጥቶ ውኃ ይደፋባቸዋል፤ ተነሥተው ይሄዳሉ፤ ማታ ይመለሳሉ።

ጉዳዩ በሰፈራችን እድር ስብሰባ ላይ ተነሣ። አንድ ባለ ከረባት እድርተኛ የግንዛቤ ማስጨበጫ እናዘጋጅ አለ። ባነር ይሰቀል፣ ካናቴራ ይታተም፣ እንግዳ ይጋበዝ፣ ለልጆቹ ዳቦ ሲታደል ፎቶ ይነሣ። እኔ ተነሣሁ። ጠባዬን ታውቂዋለሽ። ስብሰባው በሰዓቱ እንዳልተጀመረ፣ አጀንዳው እንዳልተጻፈ ተናገርሁ። «ባነር የሚሆነው ጨርቅ ለአንዱ አንሶላ ይሆነዋል፤ ሲበላ ፎቶ የሚነሣ ደግሞ ሙሽራ እንጂ የተራበ ሰው አይደለም» አልሁ። ብዙ አልሁ። ስጨርስ አሸነፍሁ ብዬ ተቀመጥሁ።

ያን ጊዜ አሰለፈች ተነሣች። አሰለፈች መናኸሪያው በር ላይ ዳቦ ትሸጣለች፤ አንደበቷ ከዳቦዋ ይልቅ ይሞቃል። «ጋሼ መሐንዲስ» አለችኝ፣ «ሁሉም ስህተት እንደሆነ ነገሩን፤ እግዜር ይስጥልን። ትክክሉስ ምንድን ነው፤ ልጆቹ የት ይደሩ? ግቢዎ ውስጥ ያለው ቤት ሙሉውን ጭድ ተኝቶበታል። ጭዱ እንዳይበርደው ብለው ነው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ተቆጥቼ ወጣሁ። ለጽጌ ስነግራት እሷም ሳቀች። ለብዙ ቀን አሰለፈችን ሳገኛት መንገድ እቀይር ነበር።

ከዚያ አንድ ማለዳ የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ለፋፊው «እድርተኛ ሆይ! ወንድማችሁ መናኸሪያ በር ላይ ወድቋል፤ ውጡ!» እያለ በሰፈሩ ዞረ። እንደ ወጉ ነጠላችንን ለሐዘን አጣፍተን ወጣን። ድንኳኑና አግዳሚው በጋሪ ተጫነ። ሴቶቹ ለንፍሮ የሚሆነውን ሰብስበው መጡ። አንዷማ ከመንገድ ጀምራ ታለቅሳለች። ስንደርስ አሰለፈች ቆማለች፤ ከእግሯ ሥር አንድ ወጣት ካርቶን ላይ ተጣጥፎ ይንቀጠቀጣል። ኑሩ የሚባል ልጅ ነው።

«ማን ነው የሞተው?» አልናት።

«ገና አልሞተም» አለች። «ለዚህ ነው የጠራኋችሁ።»

አንድ ሽማግሌ ተቆጡ፤ በእድር ይቀለዳል ወይ አሉ። እሷም «አባቴ፣ ቢሞት ይህ ድንኳን አይተከልለትም ነበር? ንፍሮው አይቀቀልለትም ነበር? ንፍሮውን በቁሙ ይብላው። ምን አደከማችሁ?» አለቻቸው። ታለቅስ የነበረችው ሴት ለማን እንደምታለቅስ ጠፍቷት ማቆሙም አቃታት። ለፋፊው ጥሩምባውን ከጀርባው ደብቆ መሬት መሬት ያያል።

ጋሪ ነጂው «እና ድንኳኑ የት ይወሰድ?» ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሮ አየ።

ጭዱን አወጣሁ።

ክፍሎቹ ተለስነው እስኪደርቁ ልጆቹ በድንኳኑ ሰነበቱ። ያለ ሞት ጥሩምባ ያስነፋ ይቀጣል የሚል አንቀጽ በእድሩ ደንብ አለ፤ የጻፍሁት እኔ ነኝ። አሰለፈች ትቀጣ ብዬ የጠየቅሁትም እኔ ነኝ፤ ደንብ ደንብ ነው። ቅጣቷን የከፈልሁላትም እኔው ነኝ። «ይህን ሰውዬ እግዜር ሲፈጥረው ማስመሪያ ይዞ ነው» ብላ በገበያው አወራችብኝ። ያ ባለ ከረባትም የበሩን ጣውላ ይዞ መጣ፤ ሳይጠየቅ። ፎቶ አልተነሣም። ይቅር ብዬዋለሁ።

ራቢያን ታውቂያታለሽ? ገበያው ላይ ጨርቅ የምትሸጠው። ፍራሹን የሰጠችን እሷ ናት። ከልጆቹ ክርስቲያን አለ፣ እስላም አለ፤ ሥጋ ሲመጣ ማን ባረከው፣ ማን አረደው የሚል ጣጣ ሊነሣ ሆነ። ራቢያ መጥታ ፈረደች። «በሬው በሕይወት ይኑር፤ እኛ ምስር እንቀቅል» አለች። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት ሥጋ የለም፤ ጸብም የለም። ዘንድሮ ደግሞ የእኛ ጾምና የእነሱ ረመዳን ተገናኙ። ማታ ማታ የምስር ሳምቡሳ ትልክልናለች፤ የእነ ኑሩ ማፍጠሪያ ለክርስቲያኖቹም የጾም ምግብ ሆነ። ኑሩ አሁን ድኖ ብየዳ ቤት ገብቷል፤ አፉም ተፈታ። «ጋሼ ከእህል ይጾማሉ፤ ከቁጣ ግን አንድ ቀንም ጾመው አያውቁም» ይለኛል። ሌላ ሰው ቢለኝ አልታገሠውም ነበር።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልምጣ።

ከጥምቀት በኋላ ኑሩ አንድ ወጣት በባጃጅ ይዞ መጣ። ትኩሳት ያንቀጠቅጠዋል፤ ፊቱን በፎጣ ሸፍኗል። ግቢው የማን እንደሆነ ሲያይ አልወርድም አለ። ኑሩም «ምን ሆነሃል? ሽማግሌው ይቆጣሉ እንጂ አይናከሱም» ብሎ ደግፎ አወረደው። አስተኛነው። ጽጌ ካንቺ ባናዎች አንዱን አለበሰችው። ልጁ ባናውን አገላበጠው፤ ጠርዙን በጣቱ ዳሰሰ፤ ከዚያ ፊቱ ላይ ጫነውና ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ወባው መስሎን ነበር። አልነበረም። ያን ጊዜ ያለውን ቃል አልጽፍልሽም፤ በመሐላዬ ውስጥ ይገባል።

ምን መሐላ ትዪ ይሆናል። ፎጣውን ሳነሣ ተያየን። ጽጌ ውኃ የያዘችበት ጣሳ ከእጇ ወደቀ። ልጁ እጄን ያዘና «በሥላሴ ይማሉልኝ» አለኝ። «ስሜን፣ አገሬን፣ የማን ልጅ እንደሆንሁ ለማንም እንዳይናገሩ። ካልማሉልኝ አሁኑኑ ተነሥቼ እሄዳለሁ።» ይህን ሲል መቆም እንኳ አይችልም። ግን ይሄድ ነበር። እንዲህ ያለውን እልህ ከዚህ በፊት አይቻለሁ። ማልሁለት። ስለዚህ ስሙን፣ አገሩን፣ የማን ልጅ እንደሆነ አትጠይቂኝ። አልነግርሽም።

ሐኪም ቤት ወሰድነው፤ መድኃኒቱን ጨረሰ፤ ዳነ። ያከሙትን እጆች እግዚአብሔር ይባርክ። አሁን ከአንድ የመብራት ሠራተኛ ዘንድ ሥራ ይማራል። የክፍሎቹን መብራት የዘረጋው እሱ ነው። መጀመሪያ የዘረጋውን አይቼ ሽቦው ጠማማ ነው፣ አፍርሰው አልሁት። ፈትቶ እንደ ገና ዘረጋው። አሁን ቀጥ ያለ ነው። ይህን የምነግርሽ ሙያ ያለው እጅ እንዳለው እንድታውቂ ብዬ ነው።

ወርቁ ያንቺን መልእክት ሲነግረኝ ያ ልጅ ከግድግዳው ወዲያ መሰላል ላይ ቆሞ ነበር። መዶሻው ጸጥ አለ። ወርቁ እስኪሄድ አልወረደም። ሲወርድ ጠራሁት። «አንዲት እናት ልጇ ሳይሞት ተዝካሩን ልታወጣ ነው። አንተ ምን ትላለህ?» አልሁት።

«ታውጣ። ይሻላታል» አለኝ።

«እንዴት ይሻላታል?»

«የሞተ ልጅ አያሳፍርማ» አለ። «ያ ልጅ ዶክተር ይሆናል ተብሎ ነበር። ፈተናውን ወደቀ። ወርቅ አመጣለሁ ብሎ ሳይሰናበት ሄደ፤ ወርቅ ማግኘት ቀርቶ ከናዳው የተረፈውም በዕድል ነው። ከዚያ በረንዳ ላይ ተኛ። አሁን ግን ሞቷል። አገር ያለቅስለታል፤ ጎበዝ ነበር፣ ምስኪን ነበር ይባልለታል። እናቱም ቀና ብላ ትሄዳለች። ለምን ተመልሶ ያበላሽባታል?»

እታለም፣ በሕይወቴ ብዙ ተቆጥቻለሁ፤ የዚያን ቀን የተቆጣሁትን ያህል ግን አልተቆጣሁም። «አንተ ድንጋይ!» ብዬ ጮኽሁበት። «እናት ልጅ የምትወልደው ለጎረቤት ማሳያ ነው እንዴ? እንደ ባነር ልትሰቅለው?» እሱም ጮኸብኝ። ጽጌ መሀላችን ገባች። በዚህ መካከል አሰለፈች የዳቦ ቅርጫቷን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታ ኖሮ፣ ሰላም ሳትለን ልጁን አየችውና «ልጄ፣ ተዝካርህ ሲወጣ የሟቹን ድርሻ ማን ይበላዋል? አንተ እንደሆንህ እዚህ ነህ» አለችው።

ልጁ ሳቀ። ሳይወድ ሳቀ፤ እዚህ ከመጣ ወዲህ ሲስቅ የሰማነው የዚያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ መሰላሉ ሥር ቁጭ ብሎ አለቀሰ። አሰለፈች ቅርጫቷን አስቀምጣ አጠገቡ ተቀመጠች። እኔ ምን ላድርግ? ለማንም የማይጠቅም ሚስማር ከመሬት እለቅም ነበር።

በማግስቱ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድሁ። የማልኸው ምን ምን ነው አሉኝ። ነገርኋቸው። «ሌላስ?» አሉኝ። «ሌላ የለም» አልሁ። «እንግዲያ ያንን ጠብቅ። ለሕያው ሰው ፍትሐትና ተዝካር እንዳይወጣ መከልከል ግን በመሐላህ ውስጥ አልገባም፤ ግዴታህ ነው» አሉና ሳቁ። «አንተ ደንብ ትወድ የለ? እስከ ዳሩ ድረስ ሂድበት።» ይኸው እስከ ዳሩ መጥቻለሁ። ከዚህ ወዲያ አንድ ቃል ብጨምር ገደል ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ለካህናቱ «ወንድሜ ሬሳ ሳይታይ ተዝካር አይወጣም ብሎ አስቸገረኝ» በያቸው። በእኔ አሳብቢ። አስቸጋሪነቴን የማያውቅ የለም፤ ያምኑሻል። የለየሽውን ገብስ ቁዪውና በሶ አስፈጪው። እዚህ የሚበላው አለ። ቅዳሜ በገበያው መኪና ነይ፤ ብቻሽን ነይ። ጥቁሩን ልብስሽን ለብሰሽ አትምጪ። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ፤ ታላቄ ነሽ፣ አንድ ቀን ብቻ ታናሽሽን ታዘዢ።

ትናንት ልጆቹን ሰብስቤ፣ ባናዎቹን የላከችልን እህቴ ቅዳሜ ልትጠይቀን ትመጣለች ብዬ ነገርኋቸው። ሁሉም ደስ አላቸው፤ ቤቱን እንጠርጋለን፣ ግቢውን እናስተካክላለን ተባባሉ። ያ ልጅ ግን ተነሥቶ ወደ ክፍሉ ገባ። ጨርቁን ጠቅልሎ ይሄዳል ብዬ ፈራሁ። ጽጌም ፈርታ ነበር። ዛሬ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በሩ ላይ ቆሞ አገኘነው። ፊቱን ታጥቧል፤ ጸጉሩን ተቆርጧል።

«ጋሼ» አለኝ፣ «የጋሳይ መኪና መናኸሪያ ነው የሚያወርዳት። ያ ጉልበቷ ደግሞ ዳገቱን አይችልም። ባጃጅ ይዤ እዚያው ልጠብቃት?»

እታለም፣ ጉልበትሽን እንደሚያምሽ በዚህ ግቢ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

«ጠብቃት» አልሁት።

እንግዲህ ደህና ሁኚልኝ። ያንን ማለዳ ጥሩምባውን ያስነፋ፣ ምስሩን ያስቀቀለ፣ ባናውን ከእጅሽ ወደ እዚህ ያደረሰ አምላክ መንገድሽን ያቅናልሽ። ዕድሜ ይስጥሽ፤ ጧሪ ቀባሪ አያሳጣሽ። ጽጌ ሰላም ብላሻለች፤ ምሥራቹን ቀድማ እንዳትናገር አፏን በነጠላዋ ይዛ ነው የምትውለው። ሕይወትንና እዚያ ያሉትን ልጆችሽን ሁሉ ሳሚልኝ።

ቅዳሜ ከመኪናው ስትወርጂ እኔን አትፈልጊኝ። እኔ ቤት ነው የምጠብቅሽ።

አክባሪሽ፣ ታናሽ ወንድምሽ
ደብረ ታቦር፣ መጋቢት